የቀኙ በር

እጄ ላምባ ላምባ ይሸታል። በሳሙና ታጠብኩ፣ በሎሚ አሸሁት፣ አልለቀቀኝም፤ እውነቱን ለመናገር እንዲለቀኝም ብዙ አልለፋሁም። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት እጇ ቅባት ቅባት እንዲሸት ነው የሚጠበቀው። የእኔ ላምባና የተቃጠለ ግሪስ ይሸታል፤ ቅር የሚለው ካለ መስኮቱን ይክፈት። ሽታው ከመኪናዬ በር ማጠፊያ ላይ ተነሥቶ እጄ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ እኔኑ ይዞኝ ሄደ፤ ወደ ጌጃ ሰፈር፣ ግቢያችን ጭቃ ወደነበረበት፣ ተፈራ እሁድ እሁድ ቱታውን ለብሶ ከቮልሷ ሥር ተጋድሞ እግሩ ብቻ ወደሚታየኝ ዘመን።

ተፈራ ባሌ ነበር፤ ካረፈ ቆይቷል። ቮልሷን የገዛት እኔን ከማግባቱ በፊት፣ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ላይ ነው። ያኔ ቀለሟ ጠብ ያለ ቡና የነካው ወተት ይመስል ነበር። ዘመኑን በዓመተ ምሕረት አትጠይቁኝ። ማኪያቶ በስሙኒ የሚጠጣበት፣ ሽልንግ የያዘ ሰው ሲኒማ ገብቶ ለኦቾሎኒ የሚተርፈው ጊዜ ነበር ልበላችሁ። ወንዱ ከጉልበቱ በታች የሚሰፋ ሱሪ ለብሶ አስፋልቱን ይጠርጋል፣ ጸጉሩ ከበር ጉበን ጋር ይጣላል። እኔም ብሆን ተረከዘ ረጅም ነጭ ጫማ ነበረኝ፤ ጭቃው እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልዬ በእጄ እይዘውና መኪና ውስጥ ስገባ አደርገዋለሁ። ጥግ ላይ ያለው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ከጠዋት ጀምሮ አንዱን ዘፈን እየደጋገመ ይለቀዋል። ግጥሙን ሰፈሩ በሙሉ በቃሉ ይዞታል፤ ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ እንኳን ስትሰፍር በዜማው ነበር የምትሰፍረው። ከልደታ ማርያም መልስ ነጠላዬን አጣጥፌ ኋላ ወንበር ላይ እጥልና በሜክሲኮ አድርገን ለገሃር፣ ከለገሃር ሽቅብ ፒያሳ፣ ኬክ ልንበላ እንሄዳለን። ዛሬ ያ መንገድ በባቡር ሐዲድና በሕንጻ ተሸፍኖ አንዳንዱን ጥግ ራሴም አላውቀውም፤ አፍንጫዬ ግን የት ጋ ዳቦ ቤት እንደነበረ ያውቃል።

መኪናዋ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት። የግራው የተፈራ፣ የቀኙ የእኔ። የእኔ በር ገና ከተጋባንበት ጊዜ ጀምሮ የወደቀ ነበር። የመኪና በር በሁለት ማጠፊያ ይንጠለጠላል፤ በእያንዳንዱ ማጠፊያ ውስጥ ደግሞ ጣት የማታክል ፒን አለች። ያቺ ፒን በአገልግሎት ብዛት ስትበላ በሩ እንደ ደከመው ሰው ትከሻ ዝቅ ይላል። ሲዘጉት ከሥር ደግፈው ካላነሡት የመዝጊያው ምላስ ከቦታው አይገናኝም። ተፈራ ታዲያ "አንቺ አታውቂበትም፣ ትሰብሪዋለሽ፣ ተይው" ይለኝና ዞሮ ይመጣል። ይከፍትልኛል። ቀሚሴን ሰብስቤ ስገባ ይጠብቀኛል፤ ከዚያ በሩን በሁለት እጁ አንሥቶ፣ ዐራስ ልጅ የሚያስተኛ ይመስል ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል። ስንደርስም እንዲሁ ነው። እኔ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፣ እሱ ዞሮ ይመጣል።

ሰፈሩ ይህን አይቶ አበደ። በዚያ ጊዜ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ሚስቱን ከኋላው አሥር እርምጃ ጥሎ የማይሄድ ወንድ ጥቂት ነበር፤ በር የሚከፍትማ ከየት መጥቶ! ሴቶቹ ከውኃ ቧንቧው ጥግ ሆነው ሲያዩኝ ዓይናቸው ይቀላል። ጎረቤቴ ብርቄ፣ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ "አሰለፈች፣ አንቺስ ታድለሻል፤ የእኔው እንኳን የመኪና የቤቱንም በር ከፍቶልኝ አያውቅ" ትለኛለች። በሩ የወደቀ ነው ብዬ ክብሬን ላውርድ እንዴ? አንገቴን ቀና አድርጌ አልፋለሁ። ወንዶቹ ደግሞ ተፈራን ቢራ ቤት ውስጥ ይዘው "የእትዬ ሹፌር መጣ፣ አሳልፉት!" እያሉ ይስቁበታል። እሱም "በሩ ነው እንጂ እኔ መች ወድጄ!" ይላቸዋል። ይህን ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ አልከፋኝም፣ እውነት ነዋ፣ በሩ ነው። ልጃችን ሳምሶን ተወልዶ ጥርስ ማውጣት ሲጀምር መኪናዋ ሰማያዊ ተቀባች። ቀለሙ ተቀየረ፣ ዘፈኑ ተቀየረ፣ ስኳር በሰልፍ ሆነ፣ ሰፊው ሱሪ ጠበበ። ተፈራ ግን እስኪታመም ድረስ ዞሮ ይመጣ ነበር። ልጁንም "የእናትህን በር ከፍ አድርገህ ነው የምትዘጋው" ብሎ አስተማረው።

እሱ ሲያርፍ መኪናዋ ተሸፍና ከረመች። ዘመድ ሁሉ "ትሸጥ" አለ። እኔ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አስተማሪው የመጀመሪያ ቀን ሲያየኝ ልጄን ላስመዘግብ የመጣሁ መስሎት "ተማሪዋ የታለች?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ የግራው በር የእኔ ሆነ። የግቢያችን ቤት ፈርሶ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰኝ ዕቃዬን ያመላለስኩት በዚያችው ቮልስ ነው፤ ፍራሹን ጣራዋ ላይ አስሬ፣ ድስቱን ከኋላ ጭኜ። ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፤ ከበረንዳዬ ሆኜ ቁልቁል ሳያት ክብ ጀርባዋ ብቻ ይታየኛል። ገበያ የምሄደው፣ ለቅሶ የምደርሰው፣ ጉልበቴን የምታከመው በእሷ ነው። "ታክሲ ጥሩልኝ፣ አድርሱኝ" እያልኩ የሰው ደጅ አልጠናም። ልጄን እንኳን "ና ውሰደኝ" ብዬው አላውቅም፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ወጣት ሆኖ ይህን የሚረዳኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

የግራው በርም በተራው ወደቀ። መጀመሪያ ትንሽ ተንጋደደ፤ እንደለመድነው አነሣሁና ዘጋሁ። አንድ ቀን ሳምሶንን አጠገቤ አስቀምጬ ስታጠፍ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ከወንበሩ ተንሸራትቼ ግማሽ ሰውነቴ ውጭ ሲሆን ልጄ በነጠላዬ ጨምድዶ ያዘኝ። ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ጥሩንባውን ያስለቅሰዋል። ሳምሶን ፊቱ አመድ መስሎ "በቃ! እማዬ በቃ! ከዚህ በኋላ ይህቺን መኪና አትነጂም" አለኝ። ፈርቶ ነው፤ አልፈርድበትም፣ እኔም ደንግጫለሁ። የፈረድኩበት ሳይነግረኝ ገዢ ሲያመጣብኝ ነው።

ገዢው ካፌ ሊከፍት ያሰበ ወጣት ነበር። ጫማው ነጭ፣ አነጋገሩ ጣፋጭ። ቮልሷን እየዞረ በጣቱ መታ መታ አደረጋትና "ማዘር፣ አይዘኑ፤ አንጥላትም እኮ። ከመሃል ቆርጠን ግማሿን ባንኮኒ እናደርጋታለን። ሰው ሁሉ አጠገቧ ፎቶ ይነሣል" አለኝ። ከመሃል ቆርጠን! ደሜ ፈላ። ሳምሶን "እማዬ፣ በሩ እየተከፈተ እኮ ነው፤ ያን ቀን አጠገብሽ ባልኖር ኖሮስ?" አለ፤ ልክ ነው። ስለዚህ እዚያው ግቢው መሐል ቆሜ ለሁለቱም ተናገርኩ። "የግራው በር እስከ ቅዳሜ ካልተሠራ ትወስዷታላችሁ። ከተሠራ ግን ሁለተኛ ቁልፌን እንዳትጠይቁኝ።" ልጄ ተስማማ። እንደማይሠራ እርግጠኛ ነበር፤ ለዚች መኪና የሚሆን ዕቃ አዲስ አበባ ውስጥ ከጠፋ ቆይቷላ።

ሸምሱ የሚባል መካኒክ አለ፣ ከጌጃ ሰፈር በተረፈው ጥግ ላይ። የወሎ ሰው ነው፤ ጢሙን በሒና አቅልቶ፣ ምላሱን አሹሎ ይውላል። ጉራው አይጣል ነው። "እኔ የሠራሁትን በር እንኳን ሰው ነፋስም አስፈቅዶ ነው የሚከፍተው" ይላል። ማጠፊያውን ሲያይ ግን ጉራው ትንሽ ቀነሰ። "እትዬ፣ ይሄ ዘይት ጠጥቶ አያውቅም እንዴ?" አለኝ። ማጠፊያዋ አናት ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ዘይት መጠጫ አለቻት፤ ያኔ ሰማያዊውን ሲቀቡ ቀለሙ ደፍኗታል። ፒኖቹ ስንት ዘመን በደረቁ ሲፋጩ ኖረዋል። "ይሽጧት የሚሉዎት ሰዎች ጅል አይደሉም" ሊለኝ ፈልጎ፣ ዓይኔን አይቶ ዋጠው።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ፒኗን ማውጣት፣ ወፍራም ፒን ማስገባት። በሩን ከፍተን ከሥሩ ክሪክ አስገባን፤ ብረቱ እንዳይፍቀው የድሮ ብርድ ልብሴን አጥፌ ደረብኩበት። ላምባ ከዘይት ጋር ደባልቆ ማጠፊያውን አጠጣው፣ አሳደረው፣ በማግሥቱ ደግሞ በጋዝ ነበልባል አሞቀው። ያን ጊዜ ነው ሽታው የተነሣው። እኔ በሩን በሁለት እጄ ደግፌያለሁ፤ እሱ ቀጭን ብረት ከታች ይደግንና ሽቅብ በመዶሻ ይመታል፣ ፒኗ በአናት በኩል ነው የምትወጣው። "ይሂዱ ጥላ ሥር ይቀመጡ፣ ልብስዎ ይቆሽሻል" ይለኛል። "ልብስ ይታጠባል፣ አንተ ምታ" እለዋለሁ። በየጥጉ ያለ ሻይ ጠጪ ሁሉ ያየናል። ያችን ግትር ብረት ሲመታት ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ትቆማለች፣ ይሰድባታል፣ እንደገና ላምባ ያጠጣታል። በመጨረሻ ተፈናጥራ ወጣች፤ ሁለተኛዋም ተከተለቻት። የሁለቱም መሐል ተበልቶ ወገባቸው ሰልሏል።

"ቶርኖ ቤት ወስደን ትንሽ ወፈር ያለ እናስቆርጣለን" አለ ሸምሱ። ሄድን። ቶርኖ ቤቱ መብራት የለም። ነገ ኑ አሉን፤ ነገም የለም። ዓርብ ከሰዓት ሆነ፣ አሁንም የለም። ቶርኖ የሚሠራው ሰውዬ በረንዳው ላይ ዳማ ይጫወታል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ አምፖሉን አፈጣለሁ። ቅዳሜ ገዢው ይመጣል። ሳልዋሽ እነግራችኋለሁ፣ ፈራሁ። የታየኝ ባንኮኒው ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሰው እስኪመጣልኝ ስጠብቅ።

ወደ መኪናዋ ስንመለስ ሸምሱ "እስኪ ልክ ለማየት የቀኙን ልፈትሽ" ብሎ ዞረና በሩን ከፈተው። "አንሣው እንጂ! የወደቀ ነው" ብዬ ጮህኩ። በሩን በአንዲት ጣት ገፋ አደረገው። በሩ ሄደ፣ ጠቅ ብሎ ተዘጋ። እንደገና ከፈተ፣ ለቀቀው፣ ባለበት ቆመ። ንቅንቅ የለም።

"እትዬ፣ ይሄ ምን ሆነና ነው የወደቀው?"

"ድሮ ነው የወደቀው። ባለቤቴ ነው..."

ጎንበስ ብሎ ማጠፊያውን አየና ሳቀ። "ይሄ ተሠርቷል። ወፍራም ፒን ነው የገባበት፣ የቶርኖ ሥራ። አናቱ ላይ ይዩ፣ ሰማያዊው ቀለም ሳይፈነቀል አለ። ከቀለሙ በፊት ነው የተለወጠው። ዘይት መጠጫው ደግሞ በመርፌ ተከፍቷል። የሆነ ሰው ዘይት ሲያጠጣው ነው የኖረው።"

ከቀለሙ በፊት። ሳምሶን ጥርስ ከማውጣቱ በፊት። ልጁ ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ሥራ እስኪይዝ ድረስ ያ ሰውዬ ዞሮ እየመጣ ጤነኛ በር ሲያነሣልኝ ኖሯል ማለት ነው። የወደቀ በር የለመደ እጅ ሲያነሣ መውደቅ አለመውደቁን አይጠይቅም፤ እኔም ልጄም አልጠየቅንም። የራሱ በር ቀዳዳው በቀለም ተደፍኖ በደረቁ ሲበላ፣ የእኔን በድብቅ ዘይት ያጠጣል። "አንቺ አታውቂበትም፣ ትሰብሪዋለሽ!"

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ሰው ቢያጽናናኝ ኖሮ እመታው ነበር። ሰፈሩ ብልሽቱን አይቶ ፍቅር ነው አለ፤ እኔ ሚስቱ ፍቅሩን አይቼ ብልሽት ነው አልኩ፣ እሱ ደግሞ ሁላችንንም እያየ ዝም! አንድ ቀን ቢነግረኝ ምን ነበረበት? አውቃለሁ ምን እንደነበረበት። ቢራ ቤት ያሉት በድንጋይ አይወግሩት እንጂ በሳቅ ይገሉት ነበር። እኔም ብሆን "በል ተወው፣ እኔው እዘጋዋለሁ" ባይ ነኝ። ለፍቅሩ የተበላሸ ዕቃ ሰበብ የሚያስፈልገው ወንድ ያፈራ ጊዜ ነበር፤ ስለዚያ ጊዜ ጥሩ ጥሩውን ብቻ አውሪ የሚሉኝን እኔ እንጃ። እንባዬ መጣ፣ በላምባ እጄ ጠረግሁት፣ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ ይበልጥ ተናደድኩ።

ሸምሱ ጢሙን እያሸ "እትዬ፣ መላ አለኝ፤ ግን እርስዎ ካልፈለጉ ይቅር" አለኝ። "የቀኙን ፒኖች አውጥቼ ለግራው ላደርግልዎ እችላለሁ። ቀዳዳውን ትንሽ ብሞርደው ልክ ይገባል። የተበሉትን ወደ ቀኙ እናዞራለን፣ መብራት እስኪመጣ። ባለቤትዎ በእጃቸው ያስገቡት ነው ብዬ እንጂ..."

"አውጣው" አልኩት።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ለእኔ አይደል ያስገባው? እኔ አሁን ያለሁት ወዲህ ነው።"

የቀኞቹ ፒኖች ዘይት የጠገቡ ስለሆኑ ሁለት ሦስቴ ሲመቱ ወጡ፤ አንዷ መዳፌ ላይ ስትወድቅ ከባድ፣ ለስላሳና ትኩስ ነበረች። ሸምሱ የግራውን ቀዳዳ ሞርዶ፣ ግሪስ ቀብቶ፣ ከላይ ወደ ታች እየመታ አስገባቸው። የመጨረሻዋን ራሴ መታሁ። መዶሻው አንዴ ስቶ ቀለሟን ፈነቀለው፤ ሸምሱ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ "ወይኔ ሥራዬ!" አለ። ክሪኩን አወረድን። በሩ አልወረደም።

ቅዳሜ ገዢው ከሳምሶን ቀድሞ ደረሰ። ሜትሩን ዘርግቶ፣ የሬሳ ሳጥን እንደሚያሠራ ሰው፣ ቮልሷን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ይለካል። ጠጋ አልኩና የግራውን በር ከፍቼ በአንዲት ጣት ገፋሁት። ጠቅ። "በል አንተ ሞክረው" አልኩት። ገፋ፣ ሳበ፣ ወዘወዘ።

"ተሠርቷል ማዘር፣ እሺ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ እስከ መቼ ይነዳሉ?"

"በምን መጣህ?"

"በታክሲ።"

"ወዴት ነህ?"

"ሜክሲኮ።"

"ግባ።"

ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም፤ ስለዚህ የቀኙን በር ከፈተ። በሩ እጁ ላይ ዝቅ ሲል ደንግጦ "ውይ!" አለ። "ተወው፣ አታውቅበትም፣ ትሰብረዋለህ" አልኩና ዞሬ ሄድኩ። እስኪገባ ጠበቅሁት፤ ነጭ ጫማውን ሰበሰበ። በሩን በሁለት እጄ አነሣሁና ቀስ አድርጌ ዘጋሁለት። ከበረንዳዎቹ ላይ ልብስ የሚያሰጡት ሴቶች እጃቸውን አቁመው ያያሉ። ይዩ።

በልደታ ማርያም በኩል አድርጌ ወጣሁ፤ ያኔ በሩ በተከፈተባት ኩርባ ላይ ታጠፍኩ፤ በሩ ትንፍሽ አላለም። ወጣቱ መጀመሪያ እጀታውን ጨብጦ ነበር፣ በኋላ ለቀቀው። ሜክሲኮ ስንደርስ ራሱ ሊወርድ ቃጣ፤ "ቁጭ በል" ብዬ ዞሬ ከፈትኩለት። ወርዶ ሜትሩን ኪሱ ከተተና "ማዘር፣ እኔ እንደዚህ ተከፍቶልኝ አያውቅም" አለኝ። "ልመድ፣ ለሌላ ሰው ክፈት" አልኩት።

ስመለስ ሳምሶን ቮልሷ ትቆምበት የነበረው ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ስልክ ይደውላል። መኪናዋን አቆምኩ፣ በሬን ከፍቼ ወረድኩ፣ ሳላነሣ ዘጋሁ። ልጄ በሩን አየ፣ ማጠፊያውን አየ፣ እኔን አየ።

"እማዬ፣ ገዢው የታለ?"

ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

"ሸኘሁት።"